የተጠቀለለው ጣት

አሰልጣኙ ከመወጣጫው ግድግዳ ሥር ተንጋለው የተገኙት በጠዋት፣ የክለቡ በር ለሰልጣኞች ሳይከፈት ነው። ግድግዳው አሥራ አምስት ሜትር ይሆናል፤ ግድግዳውን የሚወጡት ሰልጣኞች የሚጨብጧቸው ባለ ቀለም መያዣዎች በብሎን ታስረውበታል። ላይ ባለው ብረት ዞሮ ከታች ሌላ ሰው የሚይዘው ገመድ አሁንም ከሟቹ ወገብ አልተፈታም።

የክለቡ ወጌሻ ተጠርታ መጣች፣ ሬሳውን አየችና አለቀሰች። ከለቅሶዋ ግን እፍረቷ ይብስ ነበር። ከሦስት ሳምንት በፊት እዚያው ክለብ በሚሰለጥነው ታናሽ ወንድሟ ፋይል ላይ «ድኗል» ብላ ፈርማለች። የቀለበት ጣቱን ጅማት ከአጥንቱ ጋር አቅፎ የሚይዘው ማሰሪያ፣ ልጁ ትንሽ መያዣ ላይ ተንጠልጥሎ ሳለ ተበጥሶ፣ «ቷ!» ሲል ጓደኞቹ ሁሉ ሰምተዋል። ለመዳን ገና ብዙ ሳምንት ይቀረው ነበር። ግን የብሔራዊ ቡድን ምርጫ ደረሰ፣ ወንድም ለመነ፣ እህት ፈረመች። ይህ ከታወቀ ሥራዋም ስሟም አበቃ።

መርማሪው ጡረታቸው የተቃረበ፣ ከመናገር ማድመጥ የሚቀናቸው ሰው ናቸው። ወጌሻዋ ክፍል ገብተው ሌባ ጣታቸውን ዘረጉላት።

«በር ቆርጥሞኝ ነው። እስቲ ጠቅልይልኝ፣ ልጄ።»

በፕላስተር ጠቀለለችላቸው። ጫፉን ጥቂት አጥፋ ስትተወው አዩ።

«ይኼን ለምን አጠፍሽው?»

«ሲልጡት እንዳያስቸግርዎ ነው። ለሁሉም እንዲህ ነው የማደርገው።»

«ለወንድምሽም?»

«አዎ፤ ትናንት ከሰዓት ጠቅልዬለታለሁ። ለድጋፍ ያህል ነው እንጂ ጣቱስ ድኗል» አለች፣ ዓይኗን በጨው ታጥባ። ፊቷ ግን እሳት መሰለ።

ከዚያ መያዣዎቹን የሚገጥመውን ሰውዬ ጠየቁት፤ ሬሳውን ያገኘው እሱ ነው። ባለፈው ሳምንት ከአሰልጣኙ ጋር ተጨቃጭቆ ስለነበር ላብ ላብ ብሎታል። ቀጥላ በቅልጥፍናዋ «ጦጢት» የሚሏት ልጅ መጣች።

«አሰልጣኙ የቡድን ቦታዬን ለሱ ሰጡብኝ» አለች ጥግ ወደቆመው የወጌሻዋ ወንድም በአገጯ እያመለከተች። «ጠልቻቸው ነበር፤ አልዋሽዎትም። ግን እኔ ሰው እጠላለሁ እንጂ የሰው ገመድ አልለቅም!»

መርማሪው ፈገግ አሉ። እኩለ ቀን ላይ አራቱንም ግድግዳው ሥር ሰበሰቧቸው።

«ቋጠሮው አልተፈታም» አሉ። «ገመዱ አልተበጠሰም፤ ላይ ያለው ብረትም ደህና ነው። እንግዲህ ከታች ገመዱን የያዘላቸው ሰው ነበር፤ አመለጠውና ጥሏቸው ሄደ። ያመለጠ ገመድ ደግሞ መዳፍ ሳይልጥ አያልፍም። እስቲ እጃችሁን ዘርጉ።»

የጦጢት መዳፍ ንጹሕ ነው። የመያዣ ገጣሚውና የወጌሻዋም እንዲሁ።

«ጓንት አድርጎ ቢሆንስ?» አለች ጦጢት።

«የክለቡን ጓንት ሁሉ አየሁት፤ የተቃጠለ ነገር የለበትም።» ወደ ወንድምየው ዞሩ። «የታመመው ጣትህ ነው፤ ፕላስተሩ ግን መዳፍህን ሁሉ ሸፍኗል። ለምን?»

«እህቴ ናት የጠቀለለችልኝ።»

«እህትህ ጫፉን ታጥፋለች፤ ይኸው የኔን እየው። ያንተ ጫፍ ተቦጫጭቋል። አንድ እጅ ብቻ የቀረው ሰው ፕላስተር የሚቆርጠው በጥርሱ ነው። ዛሬ ጠዋት ራስህ ጠቅልለኸዋል። ላጠው።»

ላጠው። መዳፉ ላይ ቀይ ሰንበር ተጋድሟል።

«ማለዳ ብቻችንን ነበርን፤ መውረድ ሲጀምሩ ጣቴ ከዳኝ» አለ እንባው እየወረደ። «ገመዱን መጨበጥ አቃተኝ። መሞታቸውን ሳይ ደንግጬ ሮጥኩ።»

«አንድ ነገር ቀረኝ» አሉ መርማሪው። «አሰልጣኙ ቋጠሮ ሁለት ጊዜ ሳያዩ ከመሬት የማይነሱ ሰው ነበሩ አሉ። እንዴት ሕይወታቸውን ለታመመ እጅ ሰጡ?»

ወንድምየው ቀና ብሎ እህቱን አያት፤ ወዲያው ዓይኑን ሰበረ። «ዋሸኋቸው። እህቴንም ዋሸኋት። አያመኝም ብዬ አታለልኳት።»

ለወጌሻዋ የማምለጫ በር ተከፈተላት። ዝም ብትል ነገሩ ሁሉ በሱ ላይ ተደፍድፎ ያልፋል። ጣት ገማ ተብሎ ተቆርጦ አይጣልም ይባላል፤ የገማችው እሷ ሆና የሸፈናት እሱ ነው። ይህን የተማረው ከማን ነው? ልጅ ሳለ ጥፋቱን ሁሉ «እኔ ነኝ» እያለች የምትገረፍለት እሷ ነበረች። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት ወደደች።

«ውሸቱን ነው» አለች።

«አንቺ ዝም በይ!» አለ ወንድሟ።

«ዝም አልልም። እንደሚያመው አውቅ ነበር። እያወቅኩ ነው ድኗል ብዬ የፈረምኩት።»

ጦጢት በእጇ አፏን ያዘች። መርማሪው ብዕራቸውን አስቀመጡ።

«አሰልጣኙስ ምን አሉሽ?»

«አላነበቡትም» አለች ወጌሻዋ። «ፋይሉን ስሰጣቸው 'አንቺ ዳነ ካልሽ ምን ላነብ ነው? ገመዴን ለሱ ነው የምሰጠው' አሉኝ። እኔም አመሰገንኳቸው።»