ያልቆመው የከብት መኪና

ሱራ የሞተው ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ነው። የጎማ መፍቻ ብረት ከኋላ የራስ ቅሉን ሰብሮታል፤ ደሙ ከኮምፒውተሩ ጠረጴዛ ወርዶ ከደጁ አልፏል። ውጭ የማንያታው መንደር ሰው ድንጋይ ጨብጦ «ጉራቻን ስጡን» ይላል። የቢሮው ዘበኛ ጉራቻ ሬሳውን አቅፎ ስለተገኘ የፊት ጥርሶቹን አርግፈውለታል።

ፖሊሱ ሳጅን ቦርቶ አልቸኮለም። ትናንት የመጡ የኮሌጅ ልጆች በላዩ ላይ ሲሾሙ፣ እሱ ሬሳ ሲገለብጥ ነው ያረጀው።

«ምሳ በልቼ ስመለስ ገና ይሞቅ ነበር፣ አፈንዴ» አለ ጉራቻ ደም እየተፋ። «የሚተርፍ መስሎኝ አቀፍኩት።»

ቦርቶ ወደ ሟቹ የሥራ ባልደረባ ወደ ጤናዬ ዞረ። «ምን ነበር የሚሠራው፣ እህቴ?»

«የከብት መኪኖች የት እንደደረሱ በሳተላይት የሚያሳይ ፕሮግራም ይፈትሻል። ለዚያ መኪና አያስነዳም፤ መኪና ላይ የሚገጠመውን የሳተላይት ተቀባይ ኮምፒውተሩ ውስጥ በውሸት ይሠራል። ተቀባዩ ‹እዚህ ደርሻለሁ› ሲል ፕሮግራሙ ያምነዋል።»

«በእውነተኛ መኪና ስም ቢዋሽስ?»

ዓይኗን ሰበረች። «ስክሪኑ አይለየውም።»

የቢሮውም የመኪናውም ባለቤት አሰግድ ሳቀ። «አፈንዴ፣ ሳተላይት ለአንተ አይገባህም፤ ፍየል መቁጠር አይደለም። ስክሪኑን ብቻ እይ። በምሳ ሰዓት ብቻዬን ከዳበል ከብት ጭኜ እየመጣሁ ነበር።»

ቦርቶ ስድቡን ዋጠው። እንዲህ ያለ ስድብ ሲውጥ ነው የኖረው።

«እጅጌህ ላይ ያለው ደምስ?»

«አንዷ ላም መንገድ ላይ ተኛችብኝ። ሌሎቹ ሳይረግጧት ላስነሣት ብገባ የተሰበረው ቀንዷ ደም ረጨኝ።»

ቦርቶ ጉዞውን ስክሪኑ ላይ ደጋግሞ አየው። ከዚያ ሦስቱንም ሬሳው አጠገብ አቆማቸው።

«ጉራቻ የራሰው ደረቱ ነው፤ ቁስለኛ ያቀፈ ሰው እንዲህ ይሆናል። ብረት ያወረደ ግን እጅጌው ላይ ይረጭበታል።»

«የላሟ ነው አልኩህ እኮ።»

«ላም ለማስነሣት መኪና ይቆማል። ጤናዬ፣ የት ቆመ?»

«የትም» አለች ቀስ ብላ። «ከዳበል እስከዚህ በአንድ ፍጥነት ነው የመጣው።»

«እንግዲህ ላሟ ካልተኛች ደሙ የሱራ ነው። ተኝታ ከነበረም ስክሪኑ ይዋሻል። ሱራ የከተማ ልጅ ነው፤ ከብት ጭኖ ሳይቆም የሚነዳ ሾፌር እንደሌለ ማን ነግሮት? ቀጥ ያለ ጉዞ ሠራልህ። አንተ ደግሞ ከብት ስለምታውቅ የላም ውሸት ቀለለህ።»

ጤናዬ ማልቀስ ጀመረች። «አሰግድ ኮንትሮባንድ ሲያሻግር መኪናው ሌላ ቦታ እንዲታይ ሱራን ያሠራው ነበር። ጠዋት ሱራ ‹በቃኝ፣ እናገራለሁ› አለው። የድሮው የውሸት ጉዞ ግን ኮምፒውተሩ ውስጥ እንዳለ ነው፤ ቁልፍ ተጭኖ ማስጀመር ብቻ ነው።»

አሰግድ ወደ በሩ ተወረወረ። ጉራቻ በትከሻው ገጭቶ ደሙ ላይ ጣለው።

«አፈንዴ» አለ አሰግድ ካቴናው ሲገባለት፣ «እባክዎ፣ በጓሮ በኩል ያውጡኝ። ይገድሉኛል።»

«ጉራቻንም ሊገድሉት ነበር። ያኔ ‹ጓሮ አለ› አላልክም።»

ቦርቶ የካቴናውን ሌላ ጫፍ በገዛ እጁ ላይ ቆለፈና የፊቱን በር ከፈተ። የመጀመሪያው ድንጋይ ያረፈው በራሱ በቦርቶ ትከሻ ላይ ነበር። እስረኛውን እየጎተተ መሄዱን ቀጠለ።