ደጃፍ ያለፈ አይጠራም

ይህ ታሪክ ውሸት ከሆነ የሰሜኑ ባሕር ከነጫማዬ ይዋጠኝ! ባለታሪኳ አክስቴ ኬዝያ ይኸው ምድጃው አጠገብ ሹራቧን እየሠራች ነው። ጆሮዋ ደከም ብሎ እንጂ ቃል በቃል ትመሰክርልኝ ነበር።

ወደባችን ዊትቢ ከሠራቻቸው መርከቦች ሁሉ «አማቤል»ን የመሰለ አልነበረም። ምሰሶዋ ላይ እንቁላል የጣለች የባሕር ወፍ ጫጩቶቿን ያበረረችው ሕንድ ደርሳ ነው። ከካናዳ እንጨት፣ ከምሥራቅ ሻይ ስታመላልስ ነፋሱ ራሱ «ኧረ ቀስ በይ!» እያለ ይለምናት ነበር።

ተሠርታ መጀመሪያ ወደ ውሃ በወረደችበት ቀን፣ ኬዝያ በግርግሩ መሀል ቅርጫት ሙሉ ዓሣ የአንድ ረጅም መርከበኛ እግር ላይ ደፋች። ሩበን ይባላል።

«እመቤቴ፣ ዓሣ ከሰማይ ሲዘንብ ዛሬ ገና አየሁ!»

«አንተስ ምሰሶ ነህ እንዴ፣ መሀል መንገድ የተገተርከው?»

አብረው ሊለቅሙ ጎንበስ አሉ። እጅ ለእጅ ተነካኩ፤ ዓይን ለዓይንም ተያዩ። የዚያን ቀን የከተማው ድመት ሁሉ ጠግቦ አደረ።

ከዚያ ወዲያ «አማቤል» ስትሄድ ኬዝያ ትጠብቃለች፤ ስትመለስ ታብባለች። አባቷ ገመድ ሠሪው ሳይላስ ግን አሻፈረኝ አለ።

«ባሕር ላገባ ሰው ልጄን አልድርም! ደግሞ ያቺ መርከብ ማዕበል ደብድቧት ወንፊት ሆናለች።»

መርከቧ በምትነሣበት ጠዋት ሩበን ሊሰናበት መጣ።

«ይህች የመጨረሻ ጉዞዬ ናት፣ ኬዚ። ስመለስ ከአባትሽ ጋር ገመድ እገምዳለሁ።»

«ሙት በል!»

«በዚህ ረጅም እግሬ!»

ስቆ ደጃፉን አለፈ። በእኛ ዘንድ ደግሞ ደጃፍ ያለፈ መርከበኛ ከጀርባው አይጠራም። የጠራችው ሴት ሞቱን ጠራችበት ይባላል፤ የተጠራውንም፣ ገደ ቢስ ነው ብሎ ማንም ካፒቴን አያሳፍረውም። ኬዝያ ይህን ታውቃለች። የአባቷ «ወንፊት» ግን ከጆሮዋ አልወጣም። ሩበን ቁልቁለቱን ወረደ፤ ወደ መንገዱ መታጠፊያ ተቃረበ።

«ሩበን!»

እንዴት ያለ ድምፅ መሰላችሁ! የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ብቻውን ጮኸ፤ የወደቡ ወፍ ሁሉ ግር ብሎ ተነሣ። ሩበን ዞረ። ካፒቴኑም ይህን ሰምቶ ምራቁን እንትፍ አለና ጥሎት ሄደ።

ወር ሳይሞላ «አማቤል» በማዕበል ዐለት ላይ ተሰብራ ከነሰዎቿ ሰጠመች። ሩበን ግን ከሳይላስ ጋር ተቀምጦ ገመድ ይገምድ ነበር! ሠርጋቸው ላይ የተጨፈረው ጭፈራ የከተማውን ድልድይ አጎበጠው፤ እስከ ዛሬም አልተቃና…

የአክስቴ መርፌዎች ቆሙ።

«ቶቢያስ ልጄ» አለች ቀስ ብላ፣ «እኔ አልጠራሁትም። ሞቱን እንዳልጠራበት ፈርቼ አፌን በእጄ ያዝኩ። እሱም ሄደ፤ በዚያው ቀረ።»

ክሯን ጣቷ ላይ ጠቀለለችና ወደ እሳቱ ዞረች።

«ግን እስቲ ያቺን ድገምልኝ… ስጠራው የዞረባትን።»