የተፋቀው አንገት

ሰዓሊው ሸራው ሥር በጀርባው ተዘርሯል። ግንባሩ በፍሬም እንጨት ተመትቶ ወደ ውስጥ ገብቷል፤ እንጨቱም ተሰብሮ አጠገቡ ወድቋል። ደሙ ከፈሰሰው ቀይ ቀለም ጋር ስለተቀላቀለ የቱ የቱ እንደሆነ አይለይም። ሴት ልጁ የተገኘችው ራሱን ታቅፋ ስትጮህ ነው፤ እስከ ጉልበቷ ደም በደም ሆናለች።

መርማሪው የያዘውን ስለማይለቅ ባልደረቦቹ «መዥገር» ይሉታል። ሬሳውን አይቶ ሲያበቃ ወደ ሸራው ዞረ። የልጅቷ ምስል ነው፤ ቀለሙ ገና አልደረቀም። አንገቷ ብቻ በቢላ ተፍቋል።

«እሱ ነው የፋቀው?» ሲል ስዕሎቹን የሚሸጠውን ባለጋለሪ ጠየቀ።

«እሱ? ሞቶ ነዋ የሚፍቀው! ሲሳሳት ደርቦ ይቀባል እንጂ...» ብሎ ባለጋለሪው አፉን ያዘ።

ግድግዳው ላይ ያችው ልጁ ደጋግማ ተስላለች፤ አንዱ ላይ ዓይኗ አብጧል፣ ሌላው ላይ ከንፈሯ ተሰንጥቋል።

«ይሄ ሁሉ ቁስል ከሐሳቡ ነው?»

«ስልቱ ነው፤ ገዢ የሚሻማው በዚህ ነው። ግን ፊት ለፊቱ የሌለውን አንዲት መስመር አይስልም።»

«ዛሬ ጭቅጭቅ ነበር አሉ።»

«ልጅቷ ‹አባዬ፣ ገመናዬን አደባባይ ከምታወጣው ግደለኝ!› ስትል ሰምቻለሁ። ይሄን ስዕል ነገ ለእንግዶች ሊያሳየው ነበር።»

የልጅቷ ባል ፍሬም ሠሪ ነው፤ የሚሠራው እዚያው ጎን ክፍል ውስጥ ነው። የቀለበት ጣቱን ከግማሹ መጋዝ በልቶታል፤ ልብሱ በቀይ እንጨት ሰጋቱራ ተሸፍኗል።

«አንተስ ገብተህ ነበር?»

«ቀለም ካልደረቀ በሩን አልረግጥም። ሰጋቱራህ ይለጠፍበታል ብሎ አማቴ ከልክሎኛል። ስዕሉን በዓይኔም አላየሁት። ሚስቴ ንዴቷ ክፉ ነው፤ ምን ላድርግ?» ብሎ ዓይኑን በጨው አጥቦ አለቀሰ።

ልጅቷ ሻርፗን በሁለት እጇ ይዛ «እኔ ነኝ በሉና ውሰዱኝ» ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልወጣትም። ፖሊሱ ካቴናውን ሲያወጣ መርማሪው አስቆመውና ሁሉንም ሸራው ፊት ሰበሰባቸው።

«ስዕሉን የጠላ ሰው ፊቱን ይቀደው ነበር» አለ። «ይሄኛው የፈራው አንገቱን ብቻ ነው። ሟቹ ደግሞ ያላየውን አይስልም። እህቴ፣ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም።»

ልጅቷ ሻርፑን ፈታች። አንገቷ ላይ የጣት ሰንበሮች ጠቁረዋል፤ አንደኛው ከሌሎቹ በግማሽ ያጥራል።

«ነገ እንግዳ ሁሉ ይህን አጭር ጣት ሊያውቀው ነበር። እሷም አፍራ ልትፍቀው ትችል ነበር፤ ግን ቀረብ ብላችሁ እዩ። ሸራው ሁሉ ንጹሕ ነው። የተፋቀው ቦታ ላይ ብቻ ቀይ ሰጋቱራ ተጣብቋል። በሩን አልረገጥኩም ያለው ሰው፣ አማቱን ከገደለ በኋላ ሲፍቅ ከእጅጌው ያራገፈው ነው።»

ፍሬም ሠሪው «ያኔ ነበር አንቺን መጨረስ!» ብሎ የተሰበረውን እንጨት አንስቶ ሚስቱ ላይ ዘለለ። ፖሊሶቹ ከወለሉ ጋር አጋጩት፤ አፍንጫው ተሰብሮ የሰዓሊው ደም ላይ ደማ።

ባለጋለሪው «እኔ እኮ... ስልቱ መስሎኝ...» እያለ ተንተባተበ።

«እርስዎ እኔን ሲሸጡ ነው የኖሩት» አለችው ልጅቷ። «አባዬም አየ፣ ሳለ፣ ዝም አለ። ዝም አልልም ያለው ዛሬ ብቻ ነው።»

ሻርፑን አባቷ ፊት ላይ አለበሰችውና አንገቷን ሳትሸፍን ወጣች።