በአጎት አምብሮዝ ወንበር ላይ

የስብሰባው ክፍል በር ሲከፈት የቨርና ብዕር ከእጇ ወደቀ።

ቢጫ የዝናብ ካፖርት፣ ረጅም የጎማ ቦት ጫማ፣ ከቆቡ ጠርዝ የሚንጠባጠብ ውሃ... ለአንድ አፍታ ሊያንደርን አየችው። ከአራት ዓመት በፊት ባሕር ወስዶ ያስቀረውን ባሏን!

ሰውየው ቆቡን ሲያወልቅ ግን ጋርላንድ ነበር።

«ይቅርታ፣ ዘገየሁ» አለ። «አጎት አምብሮዝ ናቸው የላኩኝ። ወገባቸውን ይዟቸው ከአልጋ አልተነሱም። በእሳቸው ፈንታ ተቀምጬ ድምፅ እንድሰጥ ደብዳቤ ጽፈዋል።»

ይህን ብሎ በሽማግሌው ወንበር ላይ ተቀመጠ። ሁሉም ዞረው አዩት። ቢያዩት አይፈረድባቸውም፤ ሊያንደር የሞተ ቀን በአጎት አምብሮዝ ጀልባ ዓሣ ሊያጠምድ መውጣት የነበረበት ጋርላንድ ነበር። ሊያንደር ተተክቶለት ወጣ። ማዕበሉ እሱን ብቻ ከጀልባው ላይ ጠረገው፤ አስከሬኑም አልተገኘም።

በዚያች የኒውፋውንድላንድ መንደር ባሕሩ ገደሉን እየገመሰ መቃብሩ ደጅ ደርሷል። የመቃብር ቦርዱ ሙታኑን ወደ ኮረብታው ለማዛወር ከወሰነ ቆይቷል። የዚያ ቅዳሜ ጥያቄ ባሕር ላይ ለቀሩ ሰዎች የቆሙ፣ ከሥራቸው አስከሬን የሌለባቸው ሰባት የመቃብር ድንጋዮች ጉዳይ ነበር። ከሰባቱ አንዱ የሊያንደር ነው። ቨርና የቦርዱ ፀሐፊ እንጂ አባል አይደለችም፤ ስለዚህ ድምፅ የላትም።

ሁለቱ አባላት «አብረው ወደ ኮረብታው ይነሱ» አሉ። ሁለቱ «ባዶ መቃብር ተሸክመን የት እንደርሳለን?» አሉ።

ሰብሳቢው ሴልቢ የአጎት አምብሮዝን ደብዳቤ ከፍ አድርገው ያዙ። «ይነሱ ይላል። እንግዲህ ሦስት ለሁለት! መጽሐፉ መቼም አይከለክለንም... አይደል ቨርና፣ ልጄ?»

የስብሰባ ሥርዓቱን መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር ያነበበችው እሷ ብቻ ናት። ባሏ ከሞተ በኋላ ነው ያነበበችው፤ ለሁሉም ነገር መልስ ያለው መጽሐፍ እሱ ብቻ ስለመሰላት። ዝም ብትል ድንጋዩ ይድናል። ዝም ማለት ደግሞ ቀላል ነበር።

«ይከለክላል» አለች። «የቦርድ አባል በራሱ ፈንታ ሰው ልኮ ድምፅ አያሰጥም። ደብዳቤ ቢይዝም። እዚህ ያልተገኘ ሰው ድምፅ የለውም።»

«ሁለት ለሁለት ከሆነማ...» አሉ ሴልቢ።

«ድምፅ እኩል ከሆነ የውሳኔ ሐሳቡ ወደቀ» አለች።

በገዛ እጇ ቃለ ጉባኤው ላይ ጻፈችው።

ከስብሰባው ወጥታ ስትሄድ ጋርላንድ ከዓሣ ማድረቂያው ቆጥ አጠገብ ሮጦ ደረሰባት።

«ይህን ያህል ትጠይኛለሽ? የገዛ ባልሽን ድንጋይ! እኔ እንዳላድነው ብለሽ!»

«በሰው ፈንታ መሄድ ምን እንደሚያመጣ አይተናል፣ ጋርላንድ!»

ቃሉ ካመለጣት በኋላ ልትመልሰው ፈለገች። አልተመለሰም።

«ጥርሴን ነበር ያመመኝ...» አለ ቀስ ብሎ። «በቃ፣ ጥርስ! ጉንጬ አብጦ ሲያየኝ ሳቀብኝ። "ተኛ አንተ፣ እኔ እወጣልሃለሁ" አለኝ። ይህንን ልነግርሽ ቅዳሜ ቅዳሜ ጎሕ ሲቀድ ደጅሽ እመጣለሁ። ሦስት እርምጃ እወጣና... እጄ ለማንኳኳት አልነሳ ይለኛል። እመለሳለሁ።»

ቨርና ወደ እግሩ አየች።

ያ ቦት ጫማ! አራት ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ሰምታዋለች። በእንጨቱ ደረጃ ላይ ሦስት እርምጃ፣ ከዚያ ጸጥታ። ብከፍት ይጠፋብኛል ብላ ከፍታ አታውቅም። የሊያንደር ቆብ ከተሰቀለበት ምስማር ላይ ዓይኗን ተክላ «መጣህልኝ?» ትላለች፣ በሹክሹክታ። ሳምንቱን የምትገፋው በዚያ ነበር።

«አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ።»

«እኔ እኮ እሱ ነው ብዬ...! ሁለተኛ ጊዜ ገደልክብኝ! ሁለተኛ ደጄን እንዳትረግጥ!»

አልረገጠም። የሚቀጥለው ቅዳሜ ደረጃው ዝም አለ። የዚያ ሳምንቱም። በሦስተኛው ቅዳሜ ጎሕ ሳይቀድ ነቅታ ጆሮዋን አቆመች፤ ባለመምጣቱ እንደተናደደች ታወቃት። ማንን ነው የምጠብቀው? ብላ ጠየቀች። መልሱ አስፈራት። በበረዶው፣ በንፋሱ፣ አንድም ቅዳሜ ሳይቀር የመጣው የሞተ ሰው አልነበረም።

በማግስቱ ለአጎት አምብሮዝ የዓሣ ሾርባ ይዛ ሄደች። ሽማግሌው ማንኪያውን እንደያዙ፣

«አንቺ ልጅ» አሏት፣ «መጽሐፍሽ ሰው መላክ ከከለከለኝ፣ ወንበሩን ብለቅስ?»

«ይቻላል አጎቴ። ቦርዱ ሌላ ይመርጣል። የወደቀውም ሐሳብ በሌላ ስብሰባ እንደገና መቅረብ ይችላል።»

«እንግዲያው ጻፊልኝ። ጋርላንድን ይምረጡት። በእኔ ፈንታ አይደለም፣ በራሱ ስም።» ማንኪያውን አስቀመጡ። «ያን ቀን ጀልባውን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ያ ልጅ ግን ጥፋቱን ብቻውን ተሸከመው...»

ጻፈችላቸው።

ወሩ ሲደርስ ቦርዱ ጋርላንድን መረጠ። ቨርና ስም ጠራች።

«ጋርላንድ ኪፒንግ?»

«አለሁ።»

የወደቀው ሐሳብ እንደገና ቀረበ፤ ሦስት ለሁለት። ድንጋዮቹ ይነሱ ተባለ።

ሰኞ ቨርናና ጋርላንድ ከሌሎቹ ጋር ገመድና አካፋ ይዘው ወደ ገደሉ ወጡ። ቅዳሜና እሑድ ማዕበል ነበር። ድንጋዮቹን ቆጠሩ፤ ስድስት። ሰባተኛው፣ የሊያንደር፣ የቆመበት መሬት ተቆርሶ ሄዷል።

ጋርላንድ ተንበረከከ። «ባለፈው ጊዜ ውሳኔው ቢያልፍ ኖሮ...»

«እኔ ነኝ ያስቀረሁት» አለች። ለመጀመሪያ ጊዜ እሱ የተሸከመው ነገር ምን ያህል እንደሚከብድ ገባት። ወደ ታች፣ ወደ ግራጫው ውሃ አየች። «እሱ ወደ ድንጋዩ መምጣት አልቻለም። ድንጋዩ ሄደለት...»

አራት ዓመት ያመቀችውን ለቅሶ ጮክ ብላ አለቀሰችው። ጋርላንድ አላባበላትም፤ አጠገቧ ቆመ። በኋላ እጁን የያዘችው እሷ ናት።

«ጋርላንድ... በእሱ ፈንታ ልትሆነኝ ብለህ እንዳትመጣ።»

«አውቃለሁ።»

«በራስህ ስም ከሆነ ግን...»



ቅዳሜ ጎሕ ሲቀድ ደረጃው ተንቋቋ። አንድ። ሁለት። ሦስት። ቨርና አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ቆጠረች። ከዚያ አራተኛው እርምጃ መጣ። በሩ ተንኳኳ።

በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ጠይቃ አታውቅም።

«ማነው?»

«ጋርላንድ ነኝ።»

መቀርቀሪያውን ሳበችው። «ግባ፣ ብርድ ነው» አለች።

ገባ። የሊያንደርን ቆብ ምስማሩ ላይ ሲያይ የራሱን አውልቆ በእጁ እንደያዘው ቀረ። በዚያው መጸው ተጋቡ። ከሠርጉ በፊት በነበረው ቀን ቨርና መዶሻ ይዛ፣ ከአሮጌው ምስማር አጠገብ ሌላ ምስማር መታች።