በኮላ የተጣበቀው አጌት

ድንጋዩ ሞርሳ ውስጥ ሲታሰር፣ መጋዙ ገና ሳይነሳ፣ ለሁለት ተከፈለ።

በድንጋይ ቆራጩ ወርክሾፕ የነበረው ሁሉ ክው አለ። ድንጋዩ ቀድሞ ተቆርጧል። ውስጡ የነበረው ክሪስታል በመሮ ተፈልፍሎ ወጥቷል፤ ጠርዙ ላይ ኮላ ደርቆበታል።

ባለ ድንጋዩ ሰውዬ የቆራጩን አንገትጌ ጨምድዶ ያዘ። አጌቱ፣ ያ ሆዱ ክሪስታል የሚቋጥር ውድ ድንጋይ፣ የሟች አባቱ ውርስ ነው። ሁለቱም ወራሾች ባሉበት ተቆርጦ እኩል ሊካፈሉት፣ ከሦስት ቀን በፊት እዚህ ያስቀመጠው እሱ ነው። ከሐዘን ልብሷ ያልወጣችው እህቱ ግን ጎንበስ ብላ የደረቀውን ኮላ አየች።

ፖሊስ ተጠርቶ፣ ሳጅኑ ሆዱ ቀድሞት ገባ። የወርክሾፑ ቁልፍ ያለው ቆራጩ ጋ ብቻ። መደርደሪያው ላይ የተጋመሰ ኮላ። ቆራጩም «አልነካሁም» እያለ ደጋግሞ ማለ። ካቴናው ወጣ።

የቆራጩን ልጅ ሰፈሩ ቆቅ ይላታል፤ ምንም አያመልጣትማ። ሐቁን ለመናገር፣ ለአንድ አፍታ አባቷንም ጠርጥራዋለች። ትናንት ስለ ድንጋዩ ብትጠይቀው ዓይኑን አፍጥጦ ነበር ያባረራት። የአጌቱን አንድ ግማሽ አንስታ አሸተተችው።

«ዳቦ መሰለሽ?» አላት ሳጅኑ።

«ጋሼ፣ ደብተርዎን አንዴ ያውሱኝ።»

የነሱ መጋዝ የሚቀዘቅዘው በዘይት ነው። አጌት ደግሞ ዘይቱን ይጠጣል፤ በሳሙና ቢፈተግ እንኳ ለሳምንታት እንደ ላብ ይወጣዋል። ባለፈው ወር የተቆረጠና የታጠበ ቁራጭ የደብተሩ ገጽ ላይ አድርጋ ተጫነችው። ወረቀቱ ወዛ። የሰውዬውንም ድንጋይ እንዲሁ ተጫነችው። ነጭ ብናኝ ብቻ።

«ይሄ በውሃ ነው የተቆረጠው። በውሃ በሚቀዘቅዝ የሴራሚክ ንጣፍ መቁረጫ ማሽን። እኛ ጋ የለም።»

ሳጅኑ አልተዋጠለትም። አባትሽ ሌላ ቦታ ወስዶ ቢያስቆርጠውስ፣ አላት። ቆቅ ድንጋዩን እንደገና አገላበጠችው።

ያኔ እህትየው ወደ ወንድሟ ዞረች።

«ወንድምዬ፣ ባለፈው ሳምንት ሻወር ቤትህን ሴራሚክ ስታስነጥፍ፣ ሠራተኞቹ ማሽኑን እንዲያሳድሩልህ የለመንካቸው ለዚህ ነው?»

ሰውዬው ሊስቅ ሞከረ። አልሆነለትም።

«አባባን ስድስት ዓመት አልጋ ላይ ያገላበጥኩት እኔ ነኝ» አለ። «አንቺ በወር አንዴ ብቅ እያልሽ እኩል ልትካፈይ?»

«ይሄ ቆራጭስ ምን አደረገህ?» አለው ሳጅኑ።

«ሌባ ያስፈልገኝ ነበር።»

ሳጅኑ የቆራጩን ክንድ ለቀቀ። ቆራጩ በርጩማው ላይ ተዘረፈጠ፤ ቆቅ ሄዳ ትከሻውን ያዘችው።

እህትየው ሁለቱን ባዶ ግማሾች አንስታ ወንድሟ መዳፍ ላይ አስቀመጠች።

«ይሄ ያንተ ድርሻ ነው» አለችው። «አሁን የኔን አምጣ።»