ያልተጎረሰው ጉርሻ

በኃይሉ ሲሞት ስምንት ሰዎች በጥሞና አዳመጡት። ሲያስለው፣ ጉሮሮው ሲፏጭ፣ ወንበሩን ሲገፈትር፣ ሁሉንም ሰምተዋል። ግን አንዳቸውም አልተነሡም። ዓይናቸው በጥቁር ጨርቅ እንደታሰረ ቁጭ ብለው በልባቸው «አቤት ትወና!» ይሉ ነበር። መብራቱ ሲበራ እንዲያውም ሁለቱ አጨበጨቡ። ፈጣሪ ይቅር ይበላቸው፤ በምን ያውቃሉ?

ነገሩ የሆነው በ1998 ዓ.ም. ዐቢይ ጾም፣ በአንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ ናይሮቢ ኢምባካሲ ውስጥ ባለ ባዶ መጋዘን ነው። ቲያትር በመጋዘን? አዎ፣ በመጋዘን። አዘጋጇ ራሔል ናይሮቢ ተወልዳ ያደገች የሃያ ስምንት ዓመት ልጅ ናት። መሀል ከተማ ያሉትን ቲያትር ቤቶች ከተወቻቸው ቆይታለች። የመጀመሪያ ሥራዋን በሚሄድ ማታቱ ታክሲ ውስጥ አሳየች፤ ተሳፋሪው ራሱ ተመልካች ነበር። ሁለተኛውን ሩንዳ ሰፈር፣ አንድ ዲፕሎማት ቤት ውስጥ፣ እንግዳውን ከክፍል ክፍል እያዞረች ሠራችው። ሦስተኛው ይኸው «ማዕድ» የተባለው ነው። ስምንት እንግዶች ዓይናቸው ታስሮ፣ መስኮቱ ሁሉ በተደፈነ ቤት አንድ ገበታ ዙሪያ ይቀመጣሉ። ሊበታተን የደረሰ ቤተሰብ ሲነጋገር እየሰሙ አብረው ይበላሉ። በኃይሉ አባት፣ ራሔል እናት፣ ኢዮኤል የሚባለው ወጣት ደግሞ ልጅ ሆነው ይጫወታሉ። መጨረሻ ላይ ልጅየው፣ ቀጥሎ እናትየዋ፣ አባትየውን አንድ አንድ ጊዜ ያጎርሱትና ይሰናበቱታል።

ሻምበል ዑቅባማርያም የደረሰው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። አሥመራ የተወለደ፣ አዲስ አበባ ፖሊስ ውስጥ ሃያ ዓመት ወንጀል የመረመረ፣ አሁን ዌስትላንድስ ላሉ የኢንሹራንስ ቢሮዎች አጭበርባሪ የሚያድን የስልሳ አምስት ዓመት ሰው ነው። የጠራችው የቲያትሩ ወጥ ሠሪ አያልነሽ ናት። «ሻምበል፣ በእመቤቴ ይድረሱልኝ፤ ሊወስዱኝ ነው» ብላ ስልኩ ላይ አለቀሰችበት።

በሩ ላይ ኢንስፔክተር ሙቱኩ ቆሟል። በሥራ ይተዋወቃሉ፤ የሚነጋገሩት በስዋሂሊ ነው።

«ምዜ፣ በከንቱ ደከምክ» አለው ሙቱኩ፤ ሽማግሌ ብሎ ማክበሩ ነው። «ሟቹ ኦቾሎኒ ከቀመሰ የሚሞት ሰው ነው፤ ይህን ሁሉም ያውቃል። የተፈጨ ኦቾሎኒ በጠርሙስ ከሴትዮዋ ዘንቢል ውስጥ አገኘን። ሰውየው ከጃኬቱ የማይለየው የአለርጂ መርፌም እዚያው ከሥሩ ተቀብሯል። ምግቡን የሠራችው እሷ። ምን ቀረ?»

«ለምን የሚለው ቀረ።»

«እሱን ጣቢያ ትነግረናለች።»

«አንድ ሰዓት ስጠኝ።»

«ሳ ሞጃ» አለ ሙቱኩ ጣቱን ቀስሮ። «ከዚያ በኋላ እንዳትቀየመኝ።»

ሬሳው ገበታው ራስጌ በጎኑ ወድቋል። ፊቱ አብጧል፣ ከንፈሩ ጠቁሯል። ሻምበል ተንበርክኮ ብዙ ቆየ። የለበሰውን ጋቢ እጥፋት ገለጥ ሲያደርግ አንድ ጉርሻ አገኘ። እንደተጠቀለለ ነው፤ ጥርስ አልነካውም። ወደ አፍንጫው አስጠግቶ አሸተተና በመሐረቡ ቋጠረው። ገበታው ላይ ሁለት ሳህን አለ። በቀኝ ያለው ለተዋንያኑና ለጾመኞች የተሠራ የዘይት ሽሮ ነው። በግራ ያለው ለማይጾሙት እንግዶች ቅቤ የገባበት ቀይ ወጥ ነው። ሻምበል ከሽሮው በጣቱ ቀመሰ፣ ቆም አለ፣ ደግሞ ቀመሰ። ቀዩን ወጥ አሽትቶ ተወው።

አያልነሽ ኩሽና ውስጥ፣ ፖሊስ አጠገቧ ቆሞባት፣ ሽርጧን እያሻሸች ተቀምጣለች።

«ሰኞ ልጄ ትመጣለች» አለች፣ ገና ሳይጠይቃት። «ሁለት ዓመቷ ላይ ነው ትቻት የመጣሁት፤ አሁን ስምንት ሆናለች። የመግቢያ ወረቀቷ ያለው በእኔ ስም ነው። ዛሬ እስር ቤት ከገባሁ ወረቀቱ ወረቀት አይደለም። ልጅቷን ከአየር ማረፊያ ማን ይቀበላታል? ከመጣችበት ይመልሷታል እኮ!»

«በኃይሉን ትጠይው ነበር?»

«እሱን? ፋይሏን የጨረሰልኝ ማን ሆነና! ማመልከቻውን ሁሉ እሱ ነው የተረጎመልኝ። ጥሩ ሰው ነበር፣ ሻምበል።»

«ይህን ዘንቢል ማን ማን ይደርስበታል?»

«ሁሉም። ልብሳቸውን የሚቀይሩት እዚህ፣ የሚሰቅሉት ከዘንቢሉ በላይ ነው። የበኃይሉም ጃኬት ያውና።»

«ቲያትሩ ከተጀመረ በኋላስ ማን ገባ?»

አሰበች። «ኢዮኤል ብቻ። በኃይሉ ሲስል እዚህ ድረስ ይሰማኝ ነበር፤ ቲያትር ነው ብዬ ዝም አልኩ። ኢዮኤል ያኔ ገብቶ እጁን በሳሙና ታጠበ። አለቀ ወይ? ብለው፣ ገና ነው አለኝ። ከዚያ መብራቱ በራና ጩኸት ሰማሁ። መርፌውን ላመጣ ወደ ጃኬቱ ብሮጥ የለም።» እንባዋን ጠረገች። «እሱም የኔው ብጤ ምስኪን ነው። የሚያጽናናኝ እሱ ነው። ወንድሙን እዚህ ጥገኝነት ከልክለውት በሞያሌ መልሰውበት፣ እዚያ እስር ቤት ሞተበት። ፎቶውን ከኪሱ አይለይም፤ ሁለት ጣት የሌለው ቀጭን ልጅ።»

ሻምበል ወደ ገበታው ክፍል ተመለሰ።

ራሔል መሬት ላይ ተቀምጣ ጭንቅላቷን ይዛለች።

«አንክል፣ አራት ደቂቃ ሙሉ በጨለማ አቆየሁት» አለችው። «ኢምፕሮቫይዝ እያደረገ መስሎኝ! በጣም ሪል ነው፣ አልቁረጠው አልኩ። እኔ ነኝ የገደልኩት።»

«አልቅሺ፣ ግን መልሺልኝ። እየሳለ ሳለ የማን ተራ ነበር?»

«የኢዮኤል። አባቱ ጎን ሆኖ የሚናገረው አለው። አልተናገረም፤ ጠፋ። ፖዋ ቱ፣ ምንም አይደል፣ በሳሉ እንሸፍነው ብዬ ጠበቅኩ።»

«አንቺ ከየትኛው ሳህን አጎረስሽው?»

«ከ… አላውቅም፣ አንክል። በጨለማ ነው። እኔ ስለማልጾም ብዙም አልጠነቀቅም።»

ከዚያ ሻምበል፣ በኃይሉ ከማን ጋር ተጣልቶ እንደሆነ ጠየቃት። ከማንም አልተጣላም። አንድ ነገር ግን ትዝ አላት። በየትርኢቱ አንድ ተዋናይ ከራሱ ሕይወት አንድ እውነት በጨለማ መናገር አለበት፤ ሕጓ ነው። የዛሬ ሦስት ሳምንት ተራው የበኃይሉ ነበር።

«ድሮ ለስደተኞች አስተርጓሚ ነበርኩ አለ። አንድ ልጅ ቃሉን ሲሰጥ ስለሰደበው ተናዶበት፣ ሆን ብሎ ቃሉን አጣሞ ተረጎመው። ልጁን መለሱት፣ ሞተ። እጁን ሲያነሣ የጎደሉት ሁለት ጣቶቹ አሁንም ይታዩኛል አለ። ሁላችንም አለቀስን። ጭብጨባው፣ አንክል፣ አያልቅም ነበር።»

«ኢዮኤልስ?»

«በጨለማ አላየሁትም። ግን ከማግስቱ ጀምሮ ሁለት ቀን ስልኩን ዘጋ።»

ከእንግዶቹ መካከል ከሟቹ በስተቀኝ የተቀመጠችው ዮሳን የምትባል የኮሌጅ ተማሪ ናት። ዓይኗ የታሰረበትን ጨርቅ ገና ይዛለች።

«አይ ስዌር፣ አክቲንግ መስሎኝ ነበር። መጀመሪያ ልጅየው ‹እንካ አባዬ› ብሎ አጎረሰው፤ ሲያኝክ ሰማሁት። ከዚያ እናትየዋ መጣች። ያኔ ቅቤ ሸተተኝ፣ ጥሩ የሀገር ቤት ቅቤ። እሱ ፊቱን አዙሮ ቀስ ብሎ ‹ጾም ነው› አለ። ወዲያው ሳል ጀመረ።»

ሻምበል ራሱን ነቀነቀ። ኢዮኤልን ለብቻው ያነጋገረው ሁለት ደቂቃ ብቻ ነው።

«የመጨረሻውን ያጎረሰችው ራሔል ናት» አለ ኢዮኤል በተረጋጋ ድምፅ። «እኔ ከእሷ በፊት ነኝ። ግን እሷም ብትሆን ከኩሽና የመጣውን ነው ያጎረሰችው፤ ምን ታውቃለች?»

«ትጾማለህ?»

«አዎ፣ ሻምበል። ከልጅነቴ ጀምሮ።»

ሰዓቱ ሊሞላ አምስት ደቂቃ ሲቀረው ሻምበል ሁሉንም ገበታው ዙሪያ ሰበሰባቸው። ሬሳው በአንሶላ ተሸፍኗል። ሙቱኩ ካቴናውን ይዞ ከአያልነሽ ኋላ ቆመ፤ ሻምበል አንድ ጊዜ በአማርኛ፣ አንድ ጊዜ በስዋሂሊ እየመለሰ ተናገረ።

«ከወጡ እንጀምር። ሽሮውን ሁለት ጊዜ ቀምሻለሁ፤ ኦቾሎኒ የለበትም። ቀዩን ወጥ አሽትቻለሁ፤ እሱም ንጹሕ ነው። ስለዚህ መርዙ ድስት ውስጥ አልነበረም፤ ጉርሻ ውስጥ ነው የገባው፣ እዚሁ ገበታ ላይ፣ በጨለማ። አያልነሽ ደግሞ ከኩሽና አልወጣችም።»

«ጠርሙሱስ?» አለ ሙቱኩ።

«ደርሼበታለሁ፣ ታገሠኝ። በኃይሉን ያጎረሱት ሁለት እጆች ናቸው፤ የኢዮኤልና የራሔል። ሁላችሁም ሳሉ ከራሔል ጉርሻ በኋላ ስለጀመረ የእሷን ታስባላችሁ።» መሐረቡን ፈታ። «የራሔል ጉርሻ ይኸው። ከጋቢው እጥፋት ነው ያገኘሁት። እንዳለ ነው፣ በቅቤ የራሰ ነው፣ ኦቾሎኒ ኦቾሎኒ አይልም። ራሔል በጨለማ ሳህን ተሳስታ ከእንግዶቹ ወጥ ጠቀለለችለት። ሰውየው ደግሞ ጾመኛ ነው። ቅቤው ከአፉ ሳይደርስ ሸተተው፣ ‹ጾም ነው› ብሎ ፊቱን አዞረ። ዮሳን ሰምታዋለች። ያልጎረሰው ጉርሻ አልገደለውም። የገደለው ከዚያ በፊት የጎረሰው ነው።»

ራሔል አፏን ይዛ ጮኸች።

«የሽሮና የኦቾሎኒ ሽታ ይቀራረባል» አለ ሻምበል። «ቀኑን ሙሉ ያልበላ ሰው፣ ልጄ ብሎ ከሚጠራው እጅ፣ የጾም ሽሮ ሲቀርብለት አይመራመርም። ያጎረሰው ሰው ግን ቀጥሎ የሚሆነውን ያውቅ ነበር። ሌላው ሁሉ ሳሉ ቲያትር መስሎት ሲያዳምጥ፣ እሱ ንግግሩን ትቶ እጁን በሳሙና ሊታጠብ ኩሽና ሄደ። ጠርሙሱንና መርፌውን ልብስ ሲቀይር አስቀድሞ ዘንቢሉ ውስጥ ቀብሯል። ኢንስፔክተር፣ የዚህን ልጅ የጃኬት ኪስ ገልብጠው።»

ሙቱኩ ኪሱን ገለበጠ። ገበሩ ላይ የእጅ መዳፍ የሚያህል የዘይት እድፍ አለ፤ ከሥሩ ቁራጭ ፌስታል ተጣብቋል። ሙቱኩ አሸተተውና «ካራንጋ» አለ፤ ኦቾሎኒ ማለቱ ነው። ከሌላኛው ኪስ አንድ ፎቶ ወጣ። ቀጭን ልጅ፣ በግራ እጁ ሁለት ጣት የለውም።

«በኃይሉ ስሙን አልጠራም» አለ ሻምበል። «አንተ ግን በጨለማ ውስጥ የጣቶቹን ነገር ስትሰማ አወቅከው።»

ኢዮኤል አልካደም። ፎቶውን እያየ መናገር ጀመረ።

«ወንድሜን በአንድ ዓረፍተ ነገር ገደለው። ዘጠኝ ዓመት ማን እንደሆነ ሳላውቅ አብሬው በላሁ። ከዚያ ወንድሜን ቲያትር አደረገው። አለቀሱለት! አጨበጨቡለት! እኔም አጠገቡ ቆሜ ‹አባዬ› እለው ነበር። ይህን የሚችል ሰው ካለ ይምጣና ያስተምረኝ።»

እውነቱን ለመናገር፣ እዚያ ከነበሩት ውስጥ ያላዘነለት የለም። ይህ ግን አያልነሽ ከወንበሯ እስክትነሣ ድረስ ብቻ ነው።

«ሰኞን ታውቅ ነበር?» አለችው።

«እትዬ…»

«ታውቅ ነበር ወይ ነው የምልህ! አብረን አይደል ቀን የቆጠርነው?»

ኢዮኤል አንገቱን ደፋ። «አውቅ ነበር፣ እትዬ። ሌላ ዘንቢል አልነበረም።»

ሙቱኩ ካቴናውን አጠለቀለትና ወሰደው። እንግዶቹ አንድ በአንድ ወጡ። ራሔል ከሬሳው አጠገብ አልነሣም ብላ ቀረች። ሻምበል አያልነሽን ደግፎ እስከ ዋናው መንገድ ሸኛት፤ ማታቱ መቆሚያው ጠርዝ ላይ ቁጭ አለች።

«ተፈታሽ እኮ» አላት። «ልጅሽ ትመጣለች። ያለፈው አለፈ።»

«በደብዳቤ ነግሬያታለሁ፣ ሻምበል» አለች፣ ቀና ሳትል። «አትፍሪ፣ እዚህ ብቻችንን አይደለንም፣ ኢዮኤል የሚባል አጎት አለሽ፣ አብሮኝ ሊቀበልሽ ይመጣል ብዬ። ፎቶውንም ልኬላታለሁ። ከበሩ እንደወጣች መጀመሪያ የምትፈልገው እሱን ነው። የት አለ ብትለኝ ምን ልበላት?»

ሻምበል ዑቅባማርያም ኮፍያውን አውልቆ አጠገቧ ተቀመጠ።