ከመጋረጃው ጀርባ የተጠራው ደራሲ

ይህ ነገር በእርግጥ ሆኗል። ያመነ ይመን፣ ያላመነም አንብቦ ይተወው...

ዘመኑ የጃንሆይ ነው፤ 1959 ዓ.ም.፣ ነሐሴ ወር። ቦታው ነቀምቴ። ሰዓቱ እንደምታስቡት እኩለ ሌሊት አልነበረም። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ ደመናው ግን ቀኑን አጨልሞታል።

ድርቤ የምትባል ወጣት መምህርት በአንድ ትምህርት ቤት አዳራሽ ውስጥ ከፊት ረድፍ ተቀምጣለች። ጉልበቷ ላይ የማተሚያ ቤት ሽታው ገና ያልለቀቀው መጽሐፍ አለ። «ከጨለማ ኮከብ የመጣው እንግዳ» ይላል ሽፋኑ።

ደራሲው ታናሽ ወንድሟ ነመራ ነው።

በዚያን ጊዜ የከተማው አንባቢዎች አንድ ልማድ ነበራቸው። አዲስ መጽሐፍ ሲተች ደራሲው አይታይም። ሰው ይሉኝታ ይዞት በሐሰት እንዳያሞግስ፣ ደራሲው ቀድሞ ገብቶ ከመጋረጃ ጀርባ ይቀመጣል። መናገር አይፈቀድለትም። በትችቱ ካልተስማማ የጣውላውን ወለል በእግሩ አንዴ ይመታል። በመጨረሻ ጉባኤው በአንድ ድምፅ ስሙን ሲጠራው ይወጣል።

«ነመራ ገብቷል?» አለች ድርቤ። ወንድሟ በጠዋት ከከተማው ወጥቶ ወደ ጉቴ ሄዶ ነበር።

ሰብሳቢው ኦቦ ሽብሩ በአገጫቸው ወደ መጋረጃው ጠቆሙ።

«ጫማው አይታይሽም?»

ታያት። ከመጋረጃው ግርጌ የነመራ ቡናማ ጫማ ብቅ ብሏል...

ጫፉ ግን ወደ ግድግዳው ዞሯል። ተረከዙ ወደ ሕዝቡ።

አፍሮ ፊቱን አዙሮ ይሆናል፣ አለች በልቧ።

ሐያሲው አቶ መሸሻ ተነሡ። ከሸዋ የመጡ አስተማሪ ናቸው፤ ምላሳቸው ምላጭ ነው።

«እንግዲህ ጎበዝ፣ እኛ ልብ ወለድ የምንለው የምናውቀውን ኑሮ የሚያሳየንን ነበር። ይሄ ልጅ ግን ጥሎን ኮከብ ላይ ወጣ!»

አዳራሹ በሳቅ ሞላ።

«ከኮከብ የወረደው ፍጡር መልክ የለውም። መንገድ ያዘገየው ሰው ወንበር ላይ ሄዶ ይቀመጣል። ሰዎች በዚያ ሰው ስም ሲጠሩት መልኩን ወርሶ ይነሣል። ባለስሙ ከዚያ ወዲያ የለም። ይሄን ማን ያምናል?»

ኳ።

«አልተስማማም!» አለች የድርቤ ጓደኛ በቀለች ከኋላ። «በርታ ነመራ! እንዳትለቃቸው!»

አቶ መሸሻ ፈገግ አሉ። «ደግሞ ፍጡሩ ሁሉን መስሎ ሲያበቃ አንድ ነገር ይገለበጥበታል፤ እንደ መስታወት። ያን ሁሉ ሰማይ አቋርጦ መጥቶ ቀኝና ግራ ይጠፋዋል?»

ኳ... ኳ... ኳ...

ሳቁ ቆመ። ልማዱ አንዴ መምታት ነበር።

ድርቤ ዓይኗን ከጫማው አልነቀለችም። ወለሉ ሲመታ ሰምታለች።

ጫማው ግን አልተነሣም።

ወደ መስኮቱ ዞረች። ከግቢው በታች መንገዱ ላይ አንድ የጭነት መኪና ቆመ። ከላዩ አንድ ወጣት ዘለለ። እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው። ወደ አዳራሹ እየሮጠ እጁን ያውለበልባል።

ግራ እጁን።

ነመራ ግራኝ ነው። በልጅነቱ ስንት አለንጋ ወርዶበት አልተወም።

 ድርቤ ተነሥታ ኦቦ ሽብሩ ጆሮ ሥር ደረሰች።

«ኦቦ ሽብሩ... አይጥሩት።»

«ምን?»

«ነመራ ውጭ ነው። አሁን ከመኪና ወረደ።»

«መጋረጃው ጀርባ ያለውስ?»

«እሱ አይደለም...»

ሽማግሌው ሳቃቸውን ዋጡ። «አዬ ልጄ! ትችቱ ሲከርርብኝ ይህን በዪ ብሎ አስጠናሽ?»

«በእግዚአብሔር ይዤዎታለሁ። መጀመሪያ መጋረጃውን ይግለጡት።»

«ሳይጠራ ደራሲ አይታይም። ልማዱን በእኔ ጊዜ ላፍርሰው?»

 ድርቤ እጇን ወደ መጋረጃው ሰደደች።

ከጀርባው በወንድሟ ድምፅ ሹክሹክታ መጣ።

«ኦቦሌቲ... እህቴ... ተይው።»

እጇ አየር ላይ ደርቆ ቀረ።

ያኔ ኦቦ ሽብሩ አጨበጨቡ፤ ሕዝቡም በአንድ ድምፅ ተነሣ።

«ነመራ! ኮቱ! ነመራ! ና ውጣ!»

«አትጥሩት!» ብላ ጮኸች። ጩኸቷን ጭብጨባው ዋጠው።

መስኮቱ ላይ የወንድሟ ፊት ደርሷል። አፉ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ድምፅ የለም። ግራ መዳፉን መስታወቱ ላይ ለጠፈ...

መጋረጃው ተገለጠ።

ነመራ ወጣ።

ያው ፈገግታው። ያው ቅንድቡ ላይ ያለው ጠባሳ። ልብሱ ላይ አንዲት ጠብታ ጭቃ የለም።

«ገለቶማ፣ አመሰግናለሁ» አለ እጅ እየነሣ።

አቶ መሸሻ አቀፉት። «አንተ ልጅ፣ በዚያ አመታትህ አስደነገጥከን እኮ! ትችቴን አንሥቻለሁ። መጽሐፍህ ያስፈራል። በል ፈርምልኝ።»

ብዕር ተቀብሎ ፈረመ።

በቀኝ እጁ።

ድርቤ ወደ መስኮቱ ዞረች። ማንም የለም። መስታወቱ ላይ የግራ መዳፍ ጭቃ ብቻ ቀርቷል።

ወደ ቤት ሲሄዱ ዝናቡ ጀመረ። የወንድሟን መልክ የያዘው ከጎኗ ይራመዳል። እሷ ግን ቀና ብላ አላየችውም።

እናታቸው አዴ ዘርፈሽ ከጓዳ ሆነው ኮቴ ሰሙ።

«ነመራ፣ ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ መጣህ?»

«አቤት እማዬ» አለ።

ኳ።

ከውጭ ነው። ከበረንዳው ጣውላ ላይ። አንዴ ብቻ።

«ደሞ ማነው?» አሉ እናትየው። «ድርቤ፣ ክፈቺለት እንጂ! ሰው ዝናብ ላይ ይቆማል?»

ድርቤ የበሩን መወርወሪያ ያዘች። ከኋላዋ ቀዝቃዛ ትንፋሽ አንገቷን ነካት።

«አትክፈቺ...»

ቀስ ብላ ዓይኗን በበሩ ስንጥቅ ላይ አደረገች።

በረንዳው ላይ የነመራ ቡናማ ጫማ አለ። ጭቃ ውጦታል። ጫፉ በትክክል ወደ ቤቱ ዞሯል።

ውስጡ ማንም የለም።

«ነመራ?» አሉ እናትየው ደግመው።

«አቤት» አለ ከኋላዋ ያለው።

ግራው ጫማ ብቻውን፣ ቀስ ብሎ፣ ዳግም ሊመታ ከጣውላው ላይ ተነሣ...